ላልቶ፣ ጠብቆ

ሃሊፋክስ ዛሬም ጭጋግ ደርባለች፣
ወደቡን ከነመርከቡ ውጣዋለች፤
ጡሩምባው ብቻ ይጮኻል ከባሕር።
ስድስተኛው ፎቅ፣ መስኮቱ አጠገብ፣
ትርሲት ክንዷን ለቀጭን ቱቦ ሰጥታ
ትቆጥራለች የመድኃኒት ጠብታ።
በየስምንት ሳምንቱ፣ አንድ ሐሙስ።
እኔም ከጎኗ፣ ወንበር ስቤ፣
ደህናውን ሆዴን በካፖርቴ ሸፍኜ፣
እንደ ሌባ።

መንታ ነን፤ ለዚያውም ከአንዲት እንቁላል፣
አንድ የእንግዴ ልጅ ተካፍለን የመጣን።
እንዳንምታታባት እናታችን ክር አስራልን ነበር፣
ቀዩን ለሷ፣ ነጩን ለኔ።
አንድ ሌሊት ክሩ ወልቆ ጠፋና
እኔን ሁለቴ አጥብታ
ትርሲትን ጾም አሳደረቻት አሉ።
በቤታችን ይህ የሳቅ ወሬ ነበር።
ክሮን የሚባለው ስም ከመጣ ወዲህ
እኔ አልስቅበትም።

ዶክተር ማክኢሳክ፣ የኬፕ ብሬተኗ፣
ለጥናት ብላ ደሜን ወሰደች፣
ካንጀቴም ቁራጭ፣ የጤፍ ፍሬ የምታህል፣
ከእህቴ ጋር ሊመሳከር።
በወሩ ጠርታን፣ ወረቀት ዘርግታ፦
«ፊደላችሁ አንድ ነው፣ ከጫፍ እስከ ጫፍ፤
ልዩነቱ ያለው ከፊደሉ በላይ፣
እዚህም እዚያም በምታርፍ ምልክት ላይ።
ሜቲል ያረፈበት ጂን ይጠብቃል፣ ዝም ይላል፤
የተነሳለት ይላላል፣ ይናገራል።
በትርሲት አንጀት ዝም ማለት የነበረበት ይጮኻል።
ኤፒጄኔቲክስ ማለት ይኸው ነው።»
ምሳሌ አጥታ ስለ ፒያኖ አወራችን።

እኔ ግን ቅዳሜ ቅዳሜ
ባንድ ምድር ቤት፣ ማሞቂያው በሚያንኳኳበት፣
እዚህ ለተወለዱ ልጆች አማርኛ አስተምራለሁ።
ሰሌዳው ላይ «ገና» ብዬ እጽፋለሁ፦
ሲላላ፣ አልደረሰም፣ ታገሡ፤
ሲጠብቅ፣ በዓል ነው፣ አዲስ ልበሱ።
ከፊደሉ ላይ ጭረት የለ፣ ነጥብ የለ።
ያፌት የሚባል፣ የፊት ጥርሱ የወለቀ፣ ሁሌ ይሞግተኛል፦
«ታዲያ በምን አውቃለሁ?»
«ጎረቤቱን ቃል ጠይቀው» እለዋለሁ።

አሁን ያፌት እኔ ነኝ።
የትርሲት ጎረቤት ቃል የቱ ነበር?
ሁለተኛ ክፍል፣ ጆሮዋ በታመመ ቁጥር
የሚሰጣት፣ ሙዝ ሙዝ የሚለው የአንቲባዮቲክ ሽሮፕ?
ትሩሮ፣ አክስታችን ዘንድ፣ ብቻዋን የከረመችበት የበረዶ ወራት?
ወይስ ያባታችን ለት?
እኔ መሬት ወድቄ ስንፈራፈር፣ ስጮኽ፣
«ሆድ ይፍጀው» ብላ፣ አንጀቷን አስራ፣
እሷ ነበረች ለቀስተኛ የሸኘች።
አማርኛችን ሐዘንን ሁሉ ሆድ ውስጥ ነው የሚያስቀምጠው፤
እንዲህ የሞላ ጎተራ እንዴት አይነቅዝ?

ይህን ለሐኪሟ በእንግሊዝኛ ስነግራት ቀለለብኝ፣ አፈርኩ።
አልሳቀችም። «ኀዘን ብቻውን አንጀት አያቆስልም» አለች፣
«ምልክቱ ሕመሙን አምጥቶት ይሆን፣
ሕመሙ ምልክቱን ጥሎት ይሆን፣ ይህንንም አልለየንም።
ፊደል አይፋቅም፤ ምልክት ግን አንዳንዴ ይነሳል።
ገና ነው።»
በቋንቋዋ ነው ያለችው፤ እኔ አላልቼ ሰማሁት።
ትርሲት ግን ያን ለት ፈገግ አለች፣
እሷ ምናልባት አጥብቃው ይሆናል።

ጠብታው አለቀ። ነርሱ መርፌውን ነቅሎ ጠቀለለላት።
በጀልባ ወደ ዳርትመዝ ስንሻገር
ትርሲት ራበኝ አለች፣
ሦስት ሳምንት ከአፏ ያልሰማሁት ቃል።
ነጭ ሩዝ፣ በጨው ብቻ።
ከጭጋጉ መሐል ስልኬ ጠራ፣ እናታችን ናት፦
«ትርሲትስ?»
እህቴን አየኋት። የጀልባውን አጥር ተደግፋለች፣
አንጓዋ ላይ ነጭ ፋሻ፣ የኔ ክር ቀለም።
«አለች» አልኳት።
አጥብቄ።