ማብሪያ ማጥፊያው

ከአቃቂ ወዲያ፣ አስፋልቱ ሲያበቃ፣
ጫማ ያስቀር ነበር የሰፈራችን ጭቃ።
መብራት ኃይል መጣ፣ ምሰሶ ተከለ፤
አምፖሉን “ነገ” አለ፤
ነገም እንዳለ አለ።

እዚያ ድቅድቅ ውስጥ፣ ከቦዩ አፋፍ ላይ፣
አንድ የቤት ግድግዳ ብቻ ነበር የሚታይ፤
ባለ አርባ ሻማ፣ ቢጫ፣ የዝንብ ነጥብ የበዛበት፣
የዘይት ጣሳ ተቆርጦ ቆብ የሆነለት፣
የእትዬ ትርንጎ አምፖል።

“ኧረ ቆጣሪው! ምነው አያጠፉትም?” ለሚሏቸው ሁሉ
“ማብሪያ ማጥፊያው ተበላሽቷል፣” ይላሉ።
በቃ። ሌላ ቃል የለም።
ወደ ጓዳ ይገባሉ።

ክር ፋብሪካው ሁለተኛውን ፈረቃ ሲለቅ፣ ከምሽቱ አራት ተኩል፣
ሰርቪሱ ሴቶቹን አስፋልቱ ጫፍ ያራግፋል እንደ ከሰል።
እናቴ አንዷ ነበረች፤
ፀጉሯ ላይ ጥጥ፣ ነጠላዋ ላይ ጥጥ፣ ጫማዋን በእጇ ይዛለች።
“እስከ አምፖሉ ድረስ እሱን እያየሁ ነው፤ ካለፍኩት በኋላ
ቀድማኝ ቤት የምትገባው የገዛ ራሴ ጥላ።”

የእኛ ቆርቆሮ በር ሲንቋቋ፣ ወዲያው፣
ከማዶ እልም ይላል ቢጫው።
“አይ መብራት ኃይል! ደግሞ ሄደ፣” ትላለች፤
ቁጭ ብላ ከእግሯ ጭቃውን ትጠርጋለች።
(የእኛ ቤት ኩራዝ ነው፤ መሄድ መምጣቱን በምን ታውቃለች?)

የማታ ተማሪው፣ ዘበኛው፣
ጋሽ ደጀኔም፣ ግራ ቀኙን አረቄ የሚያማታው፣
በዚያ ብልሽት ነበር የሚገቡት እየቤታቸው።
አንድም ሰው አላመሰገናቸው።
የተበላሸ ዕቃ ይመሰገናል እንዴ?

እኔ በርጩማ ያዥ ነበርኩ።
አምፖል ሲቃጠል ይጠሩኛል፤ “ና እስቲ፣ አጥብቀህ ያዝልኝ፤”
ይወጣሉ፤ ቁርጭምጭሚታቸው ይንቀጠቀጣል፤ “እንዳትለቀኝ።”
አንድ ቀን በሩ ገርበብ ብሎ ወደ ውስጥ አየሁ፤
እሳቸውም በኩራዝ ነበሩ።
ጣሪያቸው ላይ ሽቦ የለም። ያላቸው አንድ አምፖል
ውጪ ነበር።
ያኔ አልገረመኝም፤ የአሥር ዓመት ልጅ ምን ይገርመዋል?
የሞተውን አምፖል ሲሰጡኝ ግን ልቤ ይዘላል፤
ጆሮዬ ላይ አድርጌ እነቀንቀዋለሁ፣
የተበጠሰችው ሽቦ ስታንሾካሹክ እሰማለሁ።
ዛሬ “ይህን ሙያ ማን አስተማረህ?” ብትሉኝ
ያቺ ሽቦ ናት የጠራችኝ።

እትዬ ትርንጎ አረፉ፣ ነሐሴ ላይ፣ ዝናብ ሳያባራ፤
ዕድሩ ድንኳን ጣለ፤ አግዳሚው ጭቃው ላይ ቆመ በተራ።
“ዝምተኛ ነበሩ፣” አለ አንዱ። “ሰው አይነኩም፣” አለች ሌላዋ።
እናቴ ሳለች፤ የፋብሪካው ጥጥ አልወጣም ከሳንባዋ።

“ለድንኳኑ መስመር ሳብልን፣” አሉኝ፤
“ያን የተበላሸ ማብሪያም በዚያው ብታይልን።”

ፈታሁት። ሁለት ብሎን፣ ዝገት፣ የሸረሪት ድር።
ደህና ነበር።
ናሱ አላረጀም፤ “ቀጭ” ሲሉት ይሄዳል፣ “ቀጭ” ሲሉት ይመለሳል፤
ፕላስቲኩ ብቻ አንድ ቦታ ጎድጉዷል፣
በአንዲት አውራ ጣት ልክ፣
ሠላሳ ዓመት ሙሉ፣ ማታ ማታ።
ማብራት።
ጓዳ ገብቶ በጨለማ መቀመጥ፣ ኮቴ መቁጠር፣
የመጨረሻዋ በር እስክትንቋቋ።
ማጥፋት።

ካቻቢቴዬን እንደያዝኩ ቆሜ ቀረሁ።
የዕድሩ ዳኛ ከኋላዬ፦ “ምን ሆኖ ነው?”
“ተበላሽቷል።”
“አይጠገንም?”
አንዱን ብሎን መለስኩ። ሁለተኛውን ቀስ አድርጌ አጠበቅሁ።
“አይጠገንም፣” አልኩ።

ሄደ። መሽቶ ነበር።
ከአስፋልቱ ጫፍ የሰርቪስ በር ሲከፈት ተሰማ፣
ከዚያ ጭቃው ውስጥ የሚነቀል ጫማ፣ ሌላ ጫማ።
አውራ ጣቴን ከጎድጓዳው አኖርኩ።
ጠበበኝ፤
ግን በራ።