ሙሉ ልብስ

የመተሐራ ሰው፣ ሙቀት ያሳደገኝ፣
የሦስት ቀን ስልጠና ደብረ ብርሃን ጣለኝ።
በመዝጊያው ራት ካርድ ላይ፣ ከስሜ በታች፣
"ሙሉ ልብስ ይለበስ" የምትል መስመር አለች።

አንድ ሱፍ ነው ያለኝ፤ ለቆላ ሰርግ የተሰፋ፣
ገበሩ በላብ ያለቀ፣ ክርኑ የሰፋ።
ሹራብ ከሥሩ ብለብስ፣ ቁልፉ አልደርስ አለኝ፤
ካልሲ በካልሲ ብደርብ፣ ጫማው አላስገባኝ፤
ከረባቴን አሰርሁ፣ ፈታሁ፣ ደግሞ አሰርሁ፤
በመስኮቱ ጉም ሲገባ ቆሜ አየሁ።
"ሙሉ" ያሉት ልብስ እዚህ ሲደርስ ጎደለ፤
ባንገቱ፣ በደረቱ፣ ለነፋስ በር አለ።

ደምመላሽ የሚባል የመሐል ሜዳ ሰው፣ ክፍል የተጋራኝ፣
አልጋው ጫፍ ተቀምጦ ዝም ብሎ ሲያየኝ
ቆየና፣ "ይኼ ብርድ" አለኝ፣ "ካርድ ማንበብ ያውቃል?"
ከሻንጣው በርኖስ አወጣ። የበግ ጠጉር ይሸታል፤
ጥቁር ነው፣ ያባቱ፣ ባንድ ትከሻው ቀንድ አቁሟል።
"አንተስ?" ብለው፣
"እኔማ ለምጄዋለሁ" ይላል።

ገባን። ያን ሁሉ ሱፍ! ያን ሁሉ ከረባት!
ሊቀመንበሩ ገና "ክቡራንና ክቡ..." ሲል
ጥርሱ ቃሉን ቆረጠበት።
በር ላይ የሳቀብኝ ሰው እንኳ ሳይቀር
ወደ በርኖሱ ጫፍ ወንበሩን ይስብ ጀመር።

እኔ ግን ዐይኔ ማዶ ነው። ደምመላሽ
ሁለት እጁን በብብቱ ሸጉጦ፣
ሾርባው ፊቱ እየቀዘቀዘ፣
ኮሌታው ውስጥ አንገቱን ቀብሮ ተቀምጦ፣
ሳየው ጊዜ ቀና አለ፤
በጠቆረ ከንፈሩ፣ ያለ ድምፅ፣
"ለምጄዋለሁ" አለ።