የቱን ትመርጣለህ?

ሉዝ ቅጹን አምጥታ፣ ብዕር አቀበለችኝ፤
«የቱን ትመርጣለህ?» ብላ ጠየቀችኝ።

አርባ ዓመት በሙሉ አጥር ሳጥር ሜዳ፣
ፀሐይ መች ጠየቀች ስትገፍፈኝ ቆዳ?
«ኮፍያ ለፈሪ!» ስል እየቀለድኩኝ፣
ጆሮና ማጅራቴን ጠብሼ አስረከብኩኝ።

ጀርባዬ ላይ ነጥብ፣ እንደ ምስር ድቅቅ፣
ግሌኒስ አየቻት ሸሚዜን ሳወልቅ፤
ቆርጠው ጣሉልኝና «አበቃ» ስል በሣቅ፣
ዘሯ ተገኘ አሉ ከሳንባዬ ጥልቅ።

መድኃኒቱ፣ አሉኝ፣ አይደለም ገዳዩ፤
ዘቦችህን ያነቃል ጠላት እንዲለዩ።

ስለዚህ በየወሩ፣ ገና ጎህ ሳይቀድ፣
ከሂዩንደን ታውንስቪል፣ አራት ሰዓት መንገድ፤
ካንጋሮ ድንገት ወጥቶ መብራት ላይ ሲያፈጥ፣
ግሌኒስ ስትነዳ፣ ፍሬኑን ስትረግጥ።

ከዚያ ወንበሬ ላይ፣ ክንዴን ዘርግቼ፣
የተሰቀለውን ላስቲክ አንጋጥጬ።
ከጎኔ አርቮ አለ፣ የማንጎ ገበሬ፤
«የማን ላስቲክ ቀድሞ ያልቅ ይሆን ዛሬ?»
ውርርድ ነበረን፣ የሕሙማን ውርርድ፦
ቀድሞ ላለቀለት ሌላው ቢራ ሊያወርድ።

ባለፈው ስመጣ ወንበሩ ባዶ ነው።
ማንንም አልጠየቅሁ። ሉዝም ዝም ነው ያለችው።
ረታኝ አርቮ።
አንድ ቢራ አለብኝ፤ ለማን ነው የምከፍለው?

ዛሬ ሉዝ ትላለች፦ «መድኃኒቱ ያው ነው፤
በሆድ ቆዳ ሥር ነው አሁን የምንወጋው፤
አምስት ደቂቃ ነው፤ ሻይ እንኳ አይበርድም፤
ሂዩንደን ክሊኒክ አለ፤ እዚህ አትመጣም።»

ጠብታው ሲወርድ ሳይ፣ መግባቱን አምናለሁ፤
ዝግ ያለ ነገር ነው፤ አብሬው አስባለሁ።
ደግሞ ያ ባዶ ወንበር…
ለማን ትቼው እሄዳለሁ?

ግሌኒስን አየሁ። ቁልፌን ልትሰፋ፣
ክሩ ከመርፌው ዓይን አራቴ ሲጠፋ፣
በምራቅ አርጥባ፣ ደግሞ ስትለፋ።
«ምርጫው ያንተ ነው» አለች፣ ቀና እንኳ ሳትል።
በዚያ ሁሉ መንገድ፣ ጨለማ ሲከተል፣
«ዓይኔ ደከመ» የሚል አልወጣትም አንድ ቃል።

ቅጹ የሚጠይቀው ስለ ክንድ፣ ስለ ሆድ፤
መስመር አልተወለት ለነጂና ለመንገድ።
«ምክንያት» ከሚለው ሥር «ስንፍና» ብዬ ጻፍኩ፤
እጄንም ዘርግቼ
መርፌውን ተቀበልኩ።