የቦራ ድርሻ

ኒቬስ ፑሪች መጣች በጥቅምት ማለቂያ፣
ብርቱካን ፊያቷን አቁማ ከጋራዤ መግቢያ።
ሥሪቷ ሰባ አራት፣ ወንበሯ ሁለት ብቻ፣
ጣሪያዋ የሚነሳ በአራት መክፈቻ።
«ስልሳ ላይ ስደርስ» አለች «ማፏጨት ትጀምራለች፣
ሰማንያ ላይ ደግሞ ስሜን ትጠራለች።
እኔስ ለምጄዋለሁ፤ ውሻዬ ነው የተቸገረ፣
የጠሩት እየመሰለው በመስኮት ሊወጣ እየሞከረ።»

በትሪየስቴ ነፋስ እንደ ሰው ስም አለው፣
ቦራ ነው የሚሉት። መጀመሪያ ስሰማው
ግንባሩ ላይ ነጭ ያለበት ወይፈን ነው የመሰለኝ፣
ከካርሶ ዳገት ወርዶ አደባባይ እስኪጥለኝ።
ከዚያ ወዲህ ቀንድ እንዳለውም አምኛለሁ።

ጀመርኩ ከፍተሻ። ጠመኔ ፈጭቼ
የጎሚኒውን ከንፈር ዙሪያውን ቀብቼ፣
ጣሪያውን ገጥሜ፣ መልሼ አነሳሁት፤
ነጩ ያልነካውን ብረት በጣቴ አሰስኩት።
ከሾፌሩ በኩል፣ ከስፖኪዮው በላይ፣
አንድ ስንዝር ክፍተት፣ በዓይን የማትታይ።
ወረቀት ቆርጬ ከመሃሏ ባስገባ
ሾልኮ ወጣ፣ ዘበኛ ተኝቶ እንዳገኘ ሌባ።

ዳርዮን «ካቻቢቴ» ስለው ቀና ሳይል ሰጠኝ፤
ፒንሳ፣ ቡሎን፣ ላሜራ፤ ማን ተርጉም ሊለኝ?
ኮምቦልቻ ጋራዥ በዘይት እጅ የለመድኩት ቃል
እዚህ ከናቱ ቤት ገብቶ ተቀምጧል።

መቆለፊያውን አጠበቅሁ ሩብ ዙር ወደ ውስጥ፣
ከሥሩ የሱፍ ጨርቅ፣ የሳሳ እንደ ልጥ፤
ያረጀ ጎሚኒ፣ ውሃ እንዳጣ ከንፈር
ይሰነጠቃልና ሲሊኮን አጠጥቼ ተውኩት እንዲያድር።

በማግስቱ ወጣን፤ መሪው ከእሷ ዘንድ፣
እኔ ከጆሮዬ የጎማ ቱቦ፣ ርዝመቱ ክንድ።
ሰማንያ። ዘጠና። ባሕሩ ከገደሉ ሥር ሲያብረቀርቅ
ፉጨቱ ጠፍቷል! ገና ፊቴን ስፈታ ልሥቅ፣

ሲጢጥ።

እንደ በር፣ እንደ አልጋ፣ እንደ አይጥ ቂም።

ተመለስኩ ወደ ጋራዥ። ሳምንት ሙሉ ፈታሁ፤
መንጠቆውን በታልክ፣ መያዣውን በግራሶ ቀባሁ፤
ስፌት ስፌቱን በፕላስተር አንድ ባንድ ሸፈንኩ፣
አንዱን ስልጥ፣ ሌላውን ስደፍን፣ ጣሪያዋን ቁስለኛ አስመሰልኩ።
ዳርዮ ሻንጣ ቤት ተኝቶ በባትሪ ሲያይ
ኩርባ ላይ እንደ ድንች ተንከባለለ፤ አላገኘም አንዳች ጉዳይ።
ደግሞ ወጣን፤ ሲጢጥ። ደግሞ ወጣን፤ ሲጢጥ።
በሕልሜም ሰማሁት፣ ትራሴን ሳገላብጥ።

በመጨረሻ ኒቬስ መንገድ ዳር አቆመችና
እንዲህ አለችኝ፣ በዚያ በቀዝቃዛ ትሕትና፦
«የነፋሱን ፉጨት ነው እኔ የነገርኩህ፤
ሲጢጡን ግን አንተ ነህ ይዘህ የመጣህ።
ብቻዬን ስነዳ አንድም ቀን አልሰማሁት፤
እስቲ ወገብህን እየው።»
                    አየሁት።

ቀበቶዬ ነበር። ደርቆ፣ ተሰነጣጥቆ፣
በየኩርባው የሚጮኽ ከወንበሯ ተፋቅቆ።
ሳምንት ሙሉ ጣሪያን ያለ ጥፋት ከስሼ፣
ለካስ ወንጀለኛውን ታጥቄው ነው ሱሪ ለብሼ!
ዳርዮ እስከ ዛሬ «ሲኞር ሲጢጥ» ይለኛል።
የዚያን ሳምንት ሒሳብ አልጻፍኩባትም።

ጥር ላይ ቦራ ወረደ። ሰው ግድግዳ ይዞ ሲሄድ
ኒቬስ ደወለችልኝ፦ «ና፣ ዛሬ ነው ፈተናው፣ በገደሉ መንገድ።»
ያለ ቀበቶ ገባሁ፣ ሱሪዬን በሲባጎ አስሬ፤
ውሻውም እንደ ጆንያ ተጠቅልሎ ተኛ ከሥሬ።
ባሕሩ ራሱ ቦራ ነው፣ ነጭ በነጭ ግንባሩ፣
የመብራቱ ምሰሶ ሲያፏጭ፣ ጀልባው ሲላጋ ከዳሩ፤
ከዚያ ሁሉ ወይፈን አንዲት ቀጭን ትንፋሽ ብቻ
ከግራ ጥግ ሾለከች፣ ተርፋ ከዚያ ዘመቻ።

እጄ ወደ ኪሴ ሄደ፣ ካቻቢቴ ፍለጋ።
«ተዋት» አለች ኒቬስ፣ «የቦራ ድርሻ ናት፣ የመንገዱ ዋጋ።»

ውሻው አንድ ጆሮውን አነሳ፤ መልሶ አጠፈው።