የቀዳሁት

እነሱ በርበሬ በኬሻ ሲጭኑ፣
ተሳቢው ሲጎብጥ፣ ሲያቃስት ሚዛኑ፣
እኔ ከማዶ ነኝ፣ ከቆርቆሮዋ ሱቅ፣
ዘፈን ነው የምጭነው፣ ክብደቱ የማይታወቅ።
ቡሬ መናኸሪያ፣ ሚሞሪ ለያዘ ሰው፣
መቶውን ባስር ብር ሞልቼ የምሰጠው።

ሹፌሩ ለመንገድ፣ ሙሽራው ለዳሱ፣
ጥበቃው ለሌሊት፣ ጓደኛ ለነፍሱ፣
ሁሉም ከኔ ቀድተው ረክተው ሲመለሱ።

ካዲሳባ መጡ፣ «ማኅበር ነን» ያሉ፣
«ሕግ አለ» የሚል ወረቀት ሰቀሉ፤
ሲሄዱ ነቀልኩት። ጀርባው ንጹሕ ነበር፣
የዋጋ ዝርዝር ጻፍኩበት በማርከር።

«ስርቆት ነው» ለሚለኝ መልስ ነበረኝ ያኔ፦
«ምንጭ ቢቀዱት መቼ ይነጥፋል፣ ወገኔ?
ማድጋው ይሞላል፣ ምንጩ ግን ይኖራል፤
ዘፈንም እንዲያ ነው፣ ሲሄድም ይቀራል።»

ባለፈው ቅዳሜ፣ ካፊያው ሲጀምር፣
አንዲት ሴት መጣች፣ የጃንጥላዋ ዘንግ ስብር፤
ከመሐረብ ቋጠሮ ስልኳን ፈትታ፣
«የአትጠገብን ጫንልኝ» አለች በዝግታ።
«የቱን?»
«የጓያ አበባውን።
ካሴቱን አይጥ በላው፤ ልጄ ሰምታው አታውቅም።»

ቃሏ ሲንቀጠቀጥ፣ መጨረሻውን ስትስብ፣
ጆሮዬ ደነገጠ፤ እሷው ናት፣ አትጠገብ።
ዐሥራ ሰባት ዓመት ድምጿን ስቸረችር
መልኳን አላውቅም ነበር።

ዐሥር ብር ዘረጋች። እጄን ሰበሰብኩ።
«ተቀበል እንጂ፤
የኔ ነው ብዬ በነፃ አልወስድም።»

ልየው፣ ረዳቴ፣ ነገሩ ያልገባው፣
ከጥግ ሆኖ ሳቀ፣ ሊያጽናናት አስቦ ነው፦
«እማማ፣ ስልኩ እንኳ ቢጠፋ አያሳስብም፣
ደመና ላይ አለ፤ ከዚያ አይጥ አይደርስም።»

«ደመና?» ብላ ወደ ሰማይ ቀና አለች፣
ጠብታው ግንባሯን ሲመታት ቆየች።
«ደመናስ፣ ልጄ፣ ላረሰው ያበቅላል፤
የናንተው ደመና የማን ማሳ ያጠጣል?»

ልየው ዝም አለ። ዘፈኑ አለቀ ተጭኖ።
ሄደች፣ በተሰበረ ጃንጥላ፣ በጭቃው።

ብሩ እዚህ አለ፣ ከመሳቢያው ታች፣
ከሌላው ብር ጋር አልቀላቀልኩትም።

«ጋሼ፣ የጓያ አበባው አለ?» ይላል ሹፌሩ፣
ሞተሩን ሳያጠፋ፣ ፍላሹን በመስኮት ዘርግቶ።
አለ።
ምንጩስ መቼ ነጠፈ።
ማድጋው ነው ዛሬ
እጄ ላይ የከበደኝ።