ቃለ ጉባኤ

ቦታው ሐይቁ ዳር ነው፣ አዳራሽ የለንም፤
የተደፋ ታንኳ ወንበር አልነሳንም።
ቀኑ ማክሰኞ ነው። የተገኘን አሥር፤
ሙህዲን ዘግይቷል፣ ደንገል ሲያስር።
(ደንገሉ ራቀ። ድሮ ከደጃችን
ቁርስ ሳንበላ ታጭዶ ይገባ ነበር ቤታችን፤
ዛሬ ግማሽ ቀን ተቀዝፎ ነው የሚገኘው፤
ዳሩን ባለ ሆቴል በአጥር ነው የያዘው።)

ጸሐፊዋ እኔ ነኝ፤ ከዘጠነኛ ክፍል
አቋርጬም ቢሆን፣ ፊደሌ አይጎድል።

አጀንዳ አንድ፦ ውሃ።

ሳቁ ስጽፈው። ባሕር ተንተርሶ
ለጀሪካን ውሃ በሌሊት ገስግሶ
የሚሰለፍ ሕዝብ ከኛ ሌላ የለም።
(ይህ ሳቅ ግን ቃለ ጉባኤ ውስጥ አይገባም።)

ቶይባ ተነሣች። ሃያ ሁለት ዓመቷ፤
ሰፌድ ነው የሚሰፉት እሷና እናቷ።
«ሦስት ዓመት ሙሉ ማመልከቻ ጻፍን፣
ሦስት ዓመት ሙሉ ‹ማክሰኞ ኑ› ተባልን።
ወረቀታችን ቢሰፋ አገልግል ይወጣዋል፤
ጥማችን ግን እስካሁን ዶሴ ውስጥ ይተኛል።»

እንድሪስ ዘለለ፣ ባጃጅ ነጂው ልጅ፦
«መንገዱን እንዝጋው! ይስማን ሁሉም ደጅ!»
«ዘግተህስ?» አለችው። «ምጥ የያዛት ሴት
ሐኪም ቤት ልትደርስ በየት ትለፍ፣ በየት?»
ዝም አለ እንድሪስ። እህቱ እርጉዝ ናት።

«‹ስንት ናችሁ?› ሲሉን መልስ አልነበረንም፤
ያልተቆጠረ ሰው ለእነሱ አይጠማም።
እንቁጠር።»

(ከዚህ በታች ያለው ከሁለት ሳምንት በኋላ ተጨመረ፤ ደብተሩ ያው ነው፣ ታንኳውም።)

ቆጠርን። እንድሪስ በባጃጁ፣ እኔ በእግሬ፣
በጭቃ፣ በምሽት፣ በስልክ መብራት።
ሁለት መቶ ሰባት ጣሪያ፤ ሠላሳው ላስቲክ።
አንዱ ቤት ሦስት ጊዜ ተመለስን፣ ውሻው አላምን ብሎን።
አንዲት ሴት የሞተ ልጇን ጨምራ ነገረችኝ፤
ጻፍኩት፤ ቆይቼ ሰረዝኩት፤ ስሰርዝ እያየችኝ ነበር።

ጋሽ ይማም በራቸው ላይ አውራ ጣታቸውን ሰጡኝ፤
ቀለም ቀባሁት፣ ወረቀቱ ላይ ጫንኩት፤
ሰማያዊ እንጂ መስመር አልወጣም።
ስልሳ ዓመት ያሰሩት ደንገል ልሶታል።
«ድገሚው» አሉኝ። ደገምኩት።
ያው ሰማያዊ፣ እንደ ቀትር ጣና፣ ዳር የሌለው።

ማክሰኞ ሄድን።
የቢሮው ሰው መነጽሩን አውልቆ
«ይህ አሻራ አይደለም» አለ።
ቶይባ አልተቆጣችም። ዞር ብላ
ከዘምባባው ሥር የተቀመጠውን ሰው አሳየችው፦
«ባለቤቱ እዚያ ናቸው። ጣታቸውን እያቸው።»
ተነሣ። በመስኮት አየ።
ጋሽ ይማምን ብቻ አይደለም ያየው።
ከዚያ ማህተሙን ፈለገ፤
መሳቢያው ውስጥ ነበር።
ሦስት ዓመት ሙሉ እዚያው ነበር።

ቦኖው አልመጣም ገና። ቀይ የተቀባ ችካል
አራት ቦታ ተተክሏል፤ ልጆች ጫማ ያደርቁበታል።

አጀንዳ ሁለት፦ ስማችን።
«ወይጦ» ሲሉን ቃሉ አይደለም የሚያመው፣
ከቃሉ በኋላ የምትመጣዋ ዝምታ፣
ሰፌዳችንን ገዝቶ ብርጭቆአችንን የሚፈራው እጅ።
ሁሉም ሊናገር ፈለገ፤ ማንም አልጀመረም።
መሸ። የስልኬም ባትሪ አለቀ።
በይደር ቆይቷል።

ሙህዲን ዛሬም ዘግይቶ ደረሰ፣ ከወገቡ በታች እርጥብ፤
ደንገሉን ጣለና «የት ደረስን?» አለ።
«ፈርም።»
«ምን ላይ?»
«ሁሉም ላይ።»
እጁን ሳይጠርግ ብዕሩን ያዘ፤
ስሙ ተንሳፈፈ፣ ወደ ቶይባ ስም ፈሰሰ፣
ከዚያም ወደ እኔ።
ገጹን ልቀይረው ነበር።
ተውኩት።