የመስኮቱ ዝንብ

ዝንብ መሰለችኝ፣ ጨርቅ አነሣሁባት፤
ከመስታወቱ ላይ ዐሥር ጊዜ ጠረግኋት፤
ከቀኝ ሳባርራት በግራ አገኘኋት።
ነሐሴ ነው ጊዜው፤ ሙሐረቅ አልቧታል፣
ባሕሩን እንደ ድስት እንፋሎት ከድኖታል።
"ትሩንጅ፣ ምን ሆነሻል?" አለች ማማ ሙዛ፣
"ከጠዋት ጀምሮ የጨርቅሽ ድምፅ በዛ።"

ስሜን ትርንጎ ብዬ ስነግራት ሳቀች፤
"ከግቢያችን ነበር፣ ትሩንጅ ነው" አለች፤
እንደዚያው ቀረሁኝ።

ማማ ሙዛ አታይም፤ ብርሃን ብቻ ትለያለች፤
ስኳሩ እንዴት ዓይኗን እንደወሰደ ስትናገር፣
"ሌባ እንኳ በር ይሰብራል፣ ኮሽታ ያሰማል፤
ይሄ ግን ቁልፍ አለው፤
ገብቶ እያጣፈጠ ዓይንሽን ይለቅማል" ትላለች።

ማለዳ ማለዳ ጣቷን እወጋለሁ፣
የደሟን ጠብታ ለማሽኑ እሰጣለሁ፣
የወጣውን ቁጥር ደብተር ላይ እጽፋለሁ።
ከዚያ ትጠይቃለች፦ "ባሕሩ ምን ይመስላል?"
እኔም፣ "እንደ ቆርቆሮ ዛሬ ያንጸባርቃል"፣
ወይም፣ "አመድ ለብሷል"።

እንግዳ ሲመጣ ሐልዋው ይቀርባል፤
ለሷ የተከለከለው ለኔ "ጣይው" ይባላል።
ማን ይጥላል? ባቲ ላይ ስኳር በሰልፍ ነበር፣
በቀበሌ ካርድ፣ በኪሎ ሲሸረፍ።
ቆሜ በላሁት ከዕቃ ማጠቢያው አጠገብ፣
ሰባት ዓመት ሙሉ፣ ሳልራብ ሳልጠግብ።
ጥሙን አልኩት፦ የዚህ አገር ሙቀት፤
ሌሊት መመላለሱን፦ የጠጣሁት ውሃ ብዛት፤
ቀሚሴ ሲሰፋኝ አልኩት፦ የልጄ ናፍቆት።

አንድ ቀን የማማን ወግቼ ስጨርስ፣
ምን እንደነካኝ እንጃ፣ ወጋሁት የራሴን።
ማሽኑ አሰበ። አምስት ቆጠረ።
ሦስት መቶ ዐሥራ ሁለት።

ጣቴን ሐልዋ ነክቶት ይሆናል ብዬ
በሳሙና ታጠብኩ፣ አደረቅኩ፣ ደገምኩ።
ሦስት መቶ ስምንት።

ልጇ ጃሲም ነጋዴ ነው፤ ወረቀቶቹን ይቆጥራል።
"ሁለት ይጎድላል" አለ በዚያው ምሽት።
ምላሴ ከላንቃዬ ተጣበቀ።
ማማ ሙዛ ከወንበሯ፣ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ፣
"እኔ ነኝ ያስደገምኳት፣ ቁጥሩን አላመንኩም" አለች።
እሱ እስኪወጣ ጠበቀች።
"ማሽኑ ሦስቴ ሲጮኽ ሰምቻለሁ። ያንቺ ስንት ነው?"
ነገርኳት።
ብዙ ዝም አለች።
"ዝንቧስ?" አለች፣ "ከመስኮቱ ወጣች?"

ልጣጩ ወፍራም፣ ውስጡ ኮምጣጣ፤
እንዲህ ያለ ስም ይዤ ስኳር ከየት መጣ?

ሐኪሟ የኬረላ ሴት ናት፣ ድምፀ ለስላሳ፤
በሚያቃጥል ጠብታ ብሌኔን ከፈተች፣
መብራቷን ይዛ እንደ ጓዳ ፈተሸች።
"ዝንብ አይደለም፤ ደም ነው፤ ክር የሚያህል ሥር
ስኳሩ አሳስቶት ጠብ ያለ" አለችኝ።
"በጨረር እንተኩሰዋለን።
የሄደውን አይመልስም፤ የቀረውን ያቆያል።
ግን ጨረሩ ብቻውን አይበቃም፤
ሌላው ሥራ የጣትሽ ነው፣ በየማለዳው።"

ስንወጣ ዓይኔ እንደ በር ተበርግዷል፤
ነሐሴ ሳያንኳኳ ገባበት።
ማማ ሙዛ ጥቁር መነጽሯን አወለቀች፣
በዳበሳ አፍንጫዬን አገኘች፣ አጠለቀችልኝ።
መኪናው ውስጥ ጎን ለጎን ተቀመጥን፣
አንዷ የማታይ፣ ሌላዋ ማየት የማትችል።
"ድልድዩ ላይ ወጣን" አለች፣ "ጎማው ድምፁን ለወጠ።
ዛሬ እኔ ልንገርሽ፦
ዳር ዳሩ ጥልቀት የለውም፣ ቢጫ ነው፤
ራቅ ሲል ይጠቁራል። ጀልባዎች አሉ።"

ያ ባሕር አፈር ተሞልቶ ሕንፃ በቅሎበታል፣
ከጃሲም መወለድ በፊት ያየችው ነው።
አልነገርኳትም።
"ስንት ጀልባ?" አልኩ።
"ሦስት" አለች። "ቆይ… የአንዱ ሸራ ተቀዷል።"